ማኅበሩን ከመቀመጫው ያስነሣ አኩሪ አተር

ሰው በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ምን አዲስ ነገር ይማራል ብትሉኝ፣ እኔ የተማርኩት አኩሪ አተር በደንብ መብሰል እንዳለበት ነው። ይህችን አንዲት ዕውቀት ለማግኘት ሃያ ስምንት የማኅበር ሰው ሆዱን ይዞ መነሣት ነበረበት። ከሃያ ስምንቱ አንዱ የነፍስ አባቴ ናቸው። ስለዚህ ኃጢአቴን ለእሳቸው ልናዘዝ ብል እንኳ ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከሥሩ ልጀምረው። ቢቸና የምኖር የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። የሥነ ዜጋ መምህርነት ክፉ ጠባይ ያስለምዳል፤ ከሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ታውቅና ሁሉንም ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ሰው መናገር ትጀምራለህ። ተማሪ አይከራከርህም፤ እሱ የሚጠብቀው ደወሉን ነው። እኔም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ሰው ዝም ብሎ ካዳመጠኝ አምኖኛል ማለት ነው ብዬ ማሰብ ለምጄ ነበር።

ባለቤቴ ይታይሽ ትባላለች። እሷ ባለሙያ ናት፤ በቢሮ ደብዳቤ ላይ እንደሚጻፈው ባለሙያ ሳይሆን፣ ወጧን ቀምሶ ሰው የሚመሰክርላት ባለሙያ። ሰርግ ሲደገስ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ ተዝካር ሲወጣ፣ ወጡ ወደ ዳሱ ከመውጣቱ በፊት «ይታይሽ ቀምሳዋለች ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ቀምሳዋለች ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ማንም ሌላ ምስክር አይፈልግም። እኔ በከተማው የምታወቀው «የይታይሽ ባል» ተብዬ ነው። ስንት ዓመት ጠመኔ ስፈጭ ኖሬ ይህን ስም ላስቀይረው አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ትንሽ ይከነክነኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ይታይሽን ሙቀት ጀመራት። በዚህ ዕድሜ ሴቶች ላይ የሚመጣው ሙቀት ነው። በታኅሣሥ ብርድ፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ እሷ ነጠላዋን ገፍፋ መስኮት ትከፍታለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይተዋትና ደግሞ ብርድ ብርድ ይላታል። እኔ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ እሷ ትከፍታለች፤ እዘጋለሁ፣ ትከፍታለች። ለሁለት ወር ያህል ስለ ጉዳዩ የተነጋገርነው በመስኮቱ ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ ይላል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሴቶችን ሆርሞን በመጠኑ ስለሚመስሉ ያንን ሙቀት ሊያቀሉት ይችላሉ፤ ለልብም፣ ለአጥንትም ሊበጁ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ የተደረጉት ጥናቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት ስላላሳዩ ገና ብዙ መመርመር ያስፈልጋል ይላል። ጨዋ ጽሑፍ ነበር። ጸሐፊው በየመስመሩ «ምናልባት፣ ምናልባት» እያለ ይለምነኛል። እኔ ግን እያንዳንዱን «ምናልባት» ወረፋ እንደሚያቋርጥ ሰው ገፍቼ አለፍኩ። አንብቤ ስጨርስ በጭንቅላቴ የቀረው፣ መድኃኒቱ በየገበያው ተሰጥቶ እኛ አላዋቂ ሆነን መቅረታችን ብቻ ነው።

ስልክ ደግሞ ክፉ ወዳጅ ነው፤ አንድ ነገር እንደምትወድ ካወቀ እስክትታመም ድረስ ያጎርስሃል። ከዚያች ቀን በኋላ ሌላ ሌላውን ያመጣልኝ ጀመር። አንዱ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ አኩሪ አተር የማያድነው በሽታ እንደሌለ እየማለ ይናገራል። ካፖርቱን ዛሬ ሳስበው የሐኪም ይሁን የሥጋ ቤት ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ያኔ ግን ካፖርት መሆኑ በቃኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ ማስተማር ጀመርኩ። የባዮሎጂው መምህር አንድ ሁለት ጊዜ አፉን ሊከፍት ሞክሮ ነበር፤ አላስጨረስኩትም።

ቢቸና ገበያ ዞሬ የምፈልገውን ያህል አኩሪ አተር አጣሁ። ሞጣ ሐጂ ሰይድ ዘንድ አይጠፋም አሉኝና ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጣ ገባሁ። ሐጂ ሰይድ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚያው ሞጣ እህል የሚነግዱ፣ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ናቸው። ግማሽ ኩንታል ስጠይቃቸው ለዘር ነው ወይስ ለቀለብ አሉኝ። ለመድኃኒት ነው አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ።

«መምህር፣ ይሄ እህል እሳት ይወዳል» አሉኝ ጆንያውን እያሰሩልኝ። «ቢቆሉትም ቢቀቅሉትም አደራ ጠንቀቅ ብለው ያብስሉት። እንደ ሽምብራ እሸት አይደለም።»

አመስግኜ መሄድ ስችል ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ። ሆርሞኑን፣ ልቡን፣ አጥንቱን፣ አይሶፍላቮኑን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ደንበኞች ከኋላዬ ቆመው ይጠብቃሉ። ሐጂ ሰይድ ደግሞ ሰው አያቋርጡም፤ እስክጨርስ አዳመጡኝ። ሲያበቃልኝ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ያኔ ፈጣሪን ስለ ንጥረ ነገሩ ያመሰገኑ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ጊዜው የዐቢይ ጾም ነበር። መጀመሪያ የሠራሁት ወተት ነው፤ የአኩሪ አተር ወተት። ዘፍዝፌ፣ ፈጭቼ፣ በነጠላ አጥልዬ አፈላሁት። ነጠላው የይታይሽ የቤተ ክርስቲያን ነጠላ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ወተቱ ሦስት ጊዜ ገነፈለብኝና እሳቱ ላይ ብዙ ቆየ፤ በስሕተት በደንብ በሰለ ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ በትክክል የሠራሁት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳላውቅ። በየቀኑ ከጾም መውጫ ሰዓት በኋላ ለይታይሽ አንድ ብርጭቆ እሰጣታለሁ። «አስቀምጠው፣ እጠጣዋለሁ» ትለኛለች። ያን ሰሞን ጓሯችን ያለው ጌሾ በበጋው እንዴት እንዲያ እንደለመለመ እየገረመኝ ነበር።

አንድ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የነፍስ አባታችን ቄስ ሞገስ ሊጠይቁን ቤታችን ብቅ ሲሉ፣ እኔ ነጭ ነገር በብርጭቆ ይዤ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። በዐቢይ ጾም። መስቀላቸውን ለማውጣት ወደ ኪሳቸው የሰደዱት እጅ እዚያው ቀረ። ተነሥቼ ወተቱ የእህል መሆኑን፣ ላም አጠገቡ አለመድረሷን በእመቤታችን ስም እየማልኩ አስረዳኋቸው። ካላመኑ ይቅመሱት ብዬ አቀረብኩላቸው። አንድ ጉንጭ ወሰዱና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ይሄ ጾም አይገድፍም። እንዲያውም የጾምን ዋጋ ሳይጨምር አይቀርም።»

እሳቸው ቢያምኑኝም በአጥር ቀዳዳ ያየኝ ጎረቤት ግን ቀድሞ ነገሩን አዳርሶት ነበር። ለአንድ ሳምንት ያህል ትምህርት ቤት በሄድኩበት ሁሉ ሰው አፌን እያየ ይሰላመኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ በቃኝ ብሎ ጆንያውን ለበግ ይሰጥ ነበር። እኔ ግን አዋቂ ሁሉ መጀመሪያ ይነቀፋል ብዬ ልቤን አሳበጥኩት።

አሁን ወደ ማኅበሩ እንምጣ። ከአባቴ የወረስኩት የእመቤታችን ማኅበር አለን። በየወሩ በሃያ አንድ ቀን ተራ የደረሰው አባል ቤት እንሰበሰባለን፤ ባል ከሚስቱ፣ ካህን ከምእመኑ። ጽዋ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ይጸለያል፣ ተራው ለሚቀጥለው ይተላለፋል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል፤ የእኛ ሙሴ ጋሽ አንዷለም ናቸው፣ በጡረታ የተሰናበቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። በጾም የተገናኘ ማኅበር ደግሞ ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ነው የሚበላው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰዉ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

ተራው የኛ ነበር። ይታይሽ የማኅበር ሽሮዋን ከወር በፊት አሰናድታ በዕቃ አስቀምጣለች። እኔ ግን ማኅበርተኛው በሙሉ የአኩሪ አተር ሽሮ እንዲበላ ወሰንኩ። ሃያ ስምንት ሰው በአንድ ቀን እናድናለን አልኳት።

«ማን ታመመ?» አለችኝ።

መልስ የሌለው መምህር ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኔው ራሴ አኩሪ አተሩን ምጣድ ላይ አድርጌ ሞቅ ሲል አወረድኩት። ብዙ እሳት ንጥረ ነገርን ያጠፋል የሚል ነገር ስልኬ ላይ አንብቤ ነበርና፣ ያ ሁሉ አይሶፍላቮን በጭስ ማውጫ ወጥቶ እንዲሄድ አልፈለግኩም። ይታይሽ እፍኝ አንሥታ አሸተተችው።

«ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ተወኝ እኔ ልቁላው» አለች።

ሳይንስ በአፍንጫ አይሠራም አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር እኔ እኮ ነኝ የተናገርኩት፤ ወጧን ሳትቀምስ ሽታውን ብቻ ሰምታ ጨው ማነሱን ለምታውቅ ሴት። ወፍጮ ቤት ስወስደው ባለ ወፍጮው ገና ጆንያውን ከፍቶ «መምህር፣ ይሄ እኮ አልተቆላም» አለኝ። ሐጂ ሰይድ ነግረውኛል፣ ይታይሽ ነግራኛለች፣ ይኸው ባለ ወፍጮውም ነገረኝ። ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ሲነግረኝ የደረስኩበት መደምደሚያ፣ ኅብረተሰባችን ምን ያህል ግንዛቤ እንደሚጎድለው ነው። እንዲያውም ይታይሽ በመጨረሻ ሰዓት ሽሮዋን እንዳትቀይርብኝ ብዬ የእሷን ሽሮ ከነዕቃው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። አዎ፤ ሽሮ ቆልፌያለሁ።

በማኅበሩ ዕለት ከሰዓት ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቀረሁና ድስቱ አጠገብ ቆምኩ። ይታይሽ እንደ ልማዷ አንተክትካ ልታበስለው ስትል፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ አንድ ፈላ ሲል አውርጂው አልኳት። አወረደችው። ፊቷን አይቼ ማወቅ ነበረብኝ፤ ሰው ሊወድቅ ሲል እንደሚያይ ሰው ነበር የምታየኝ። እንግዳ ሊገባ ደርሷል፣ ከእኔ ጋር መጣላት አልፈለገችም። ስለዚህ በሙያዋ ልታድነኝ ሞከረች። ሽንኩርቱን ለብቻ አቁላልታ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውን፣ ኮሰረቱን፣ ያንን በከተማው የታወቀውን በርበሬዋን ጨምራ ጥሬውን ሽታ አጠፋችው። ጥፋቱ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ያልበሰለ ሽሮ በሌላ ሴት እጅ ቢሠራ ሰው አንድ ጊዜ ቀምሶ ይተወው ነበር። የይታይሽ እጅ ስላረፈበት ግን ጣፈጠ።

ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ መጣ። ጸሎት ተደረገ፣ ጽዋው ዞረ፣ ማዕድ ቀረበ። ቄስ ሞገስ ባርከው ሊቆርሱ ሲሉ እኔ ተነሣሁ። አንድ አጭር ማብራሪያ አለኝ አልኩ። ከዋዜማው ጀምሮ ያልበላ ሰው ፊት፣ ትኩስ ሽሮ እያየ፣ ስለ ሆርሞን ማብራራት ጀመርኩ። ከልብ ተነሥቼ በአጥንት አድርጌ ወደ ሙቀቱ ስደርስ፣ ይታይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ሃያ ስምንት ሰው ወደ እሷ ዞሮ ነበር። እኔ ንግግሬ የነካቸው መስሎኝ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ጋሽ አንዷለም ጉሮሯቸውን አጠሩ።

«መምህር፣ ንጥረ ነገሩን ብንቀምሰው አይሻልም?»

ቀመሱት። ከዚያ በሉት። ከዚያ ጨምሩልን አሉ። እትዬ ስንዱ፣ የጎረቤታችን ባለቤት፣ ይሄ የይታይሽ ሽሮ ዛሬ ልዩ ነው እያሉ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። ቄስ ሞገስ ሳይቀሩ እንጀራቸውን ጠረጉ። እኔም ሰውነታቸው ፈልጎት ነው እያልኩ ከሁሉም በላይ በላሁ።

ብዙም አልቆየ። መጀመሪያ ጨዋታው ቀዘቀዘ። ከዚያ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ መተያየቱን ትቶ ወለሉን ማየት ጀመረ። ከወዲያ አንድ ሆድ ሲጮህ ከወዲህ ሌላው ይመልስለታል። ጋሽ አንዷለም «እስቲ ደጁን ልየው» ብለው በዝግታ ተነሡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዝግታውን ተዉት። እሳቸው ሳይመለሱ ሁለተኛው ሰው ደጁን ሊያይ ተነሣ፤ ሦስተኛውም፣ አራተኛዋም።

ያለን መጸዳጃ አንድ ነው፤ ጓሮ ከጌሾው አጠገብ። የኛ አገር ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለበት። መሬት ተሰንጥቃ ልትውጠው እንኳ ቢሆን ታላቁን ሳያስቀድም አይዋጥም። ጓሮ ወጥቼ ሳይ ሰልፉ ቆሟል፤ ሰዉ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ይጋበዛል። «ኧረ በእመቤታችን፣ አባታችን ይቅደሙ» ይላል አንዱ። ቄስ ሞገስ ፊታቸው አመድ መስሎ «የለም፣ እናቶች ይቅደሙ» ይላሉ። እትዬ ስንዱ «አባታችን ቆመው እኔማ አልገባም፣ ምን በወጣኝ» ብለው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም እያለቀባቸው ነው። ግብዣው ገና ሳይቋጭ ጋሽ አንዷለም ሁሉንም በጎን አልፈው ለሁለተኛ ጊዜ ገቡ። ከዚያ በኋላ ግብዣ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ባለቤት ነኝና የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ስለዚያ ቆይታ ብዙ ባልናገር ይሻላል።

የመዝጊያው ጸሎት የተደረገው በቁም፣ በር ላይ ነው። አባታችን ሆይ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ተብሎ አያውቅም። ማኅበርተኛው ሳይሰናበት ተበተነ፤ እንግዲህ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይሁን ወደ መንገድ ዳር ቁጥቋጦ እግዜር ይወቀው።

ደግነቱ ማንም ክፉ ነገር አላገኘውም። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ አንዷን ሲስተር አማከርኳት። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ የሆድን ሥራ የሚያውክ ነገር አለ፣ እሱን የሚያጠፋው እሳት ነው አለችኝ። አንተ የፈለግኸው ንጥረ ነገር ደግሞ በደንብ ቢቆላና ቢበስልም እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም አለች። አልዋጥልኝ ስላለ ያንን ስለ እሳት ያነበብኩትን ነገር ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋት። አነበበችና መለሰችልኝ።

«መምህር፣ ይሄ የሚያወራው ስለ ጎመን ነው።»

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያስቀውን ነው። አሁን የማያስቀውን ልንገራችሁ።

ከዚያች ቀን በኋላ በከተማው የተወራው ስለ እኔ አልነበረም። «ይታይሽን ምን ነካት?» ነበር የሚባለው። ማኅበር አብልታ ሰው ልትጨርስ ነበር፤ እጇ ተበላሽቷል፤ ዕድሜ ነው መሰለኝ፤ ሙቀቱ ይሆናል ያዘናጋት፣ ባሏም ተናግሯል። ሙቀቱን በማኅበር ፊት ያወራሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ የባዮሎጂው መምህር በቅንነት ነገሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። አፌን ልከፍት አሰብኩ። የቆለፍኩትን ሽሮ፣ ሰዓት እያየሁ ያስወረድኩትን ድስት፣ ጎመኑን ልናገር ነው። ሰዉ ሁሉ እያየኝ ነበር።

«እኔ ስለ ጓዳ ምን አውቃለሁ?» አልኩ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። ይታይሽ ግን ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ባሏ ጓዳ ገብቶ ድስት ላይ እንደቆመና ሽሮ እንደቆለፈ ቢሰማ ከተማው ለስንት ዓመት እንደሚስቅብኝ ታውቃለች። የኔን ስም ከሳቅ ለማዳን ብላ የራሷን ስም ሰጠች። እኔም ተቀበልኳት፤ እንዲያውም ጉዳዩ እየበረደ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፋሲካ አለፈና የእትዬ ስንዱ ልጅ ሰርግ ደረሰ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ከሰርጉ ሳምንት ቀድመው መጥተው ይታይሽን ይወስዷታል፤ የዶሮው ወጥ ያለ እሷ እሳት ላይ አይወጣም። በዚያን ጊዜ ግን መልእክት ብቻ ላኩ። «ይታይሽ ደክሟታል፣ ዘንድሮ እንግዳ ሆና ትምጣልን» የሚል። በአክብሮት የተላከ መልእክት ነው፤ ይታይሽ ግን ሲነገራት ቆማ ቀረች። ከዚያ «ደግ፣ እግዜር ይስጥልኝ በሏት» አለች።

በሰርጉ ቀን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ዳሱ ውስጥ ከእንግዶች ጋር ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ሙሉ በሰርግ ቀን ሽንኩርት የሸተተ ልብስ ለብሳ ከጓዳ ጓዳ ስትሮጥ ነው የማውቃት። እንደ እንግዳ መቀመጥ አታውቅበትም። ሴቶቹ ሳህን ይዘው ሲያልፉ ልትነሣ ትልና ትመለሳለች። ወጥ ሲቀርብላት ቀመሰችው፤ ሽንኩርቱ እንዳልበሰለ እኔ እንኳ አውቄዋለሁ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ማዶ ማዶ አየች። ያኔ አፈርኩ። ስለ ሆዱ ሕመም አላፈርኩም ነበር፣ ስለ ጎመኑም እንዲያ አላፈርኩም። እሷን በአዲስ ቀሚስ ሥራ ፈታ ሳያት ግን ሳህኔን ገፋሁት።

በተከታዩ ወር ማኅበሩ በጋሽ አንዷለም ቤት ተገናኘ። ጽዋው ከዞረ በኋላ ተነሥቼ የምናገረው አለኝ አልኩ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱ ወደ ቀረበለት ምግብ በሥጋት ዞረ። ዛሬ ስለ ንጥረ ነገር አይደለም አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። የሐጂ ሰይድን ማስጠንቀቂያ፣ የባለ ወፍጮውን፣ ይታይሽ ልቁላው ብላ መለመኗን፣ ሽሮዋን መቆለፌን፣ ድስቱን ሳይበስል ማስወረዴን፣ ጎመኑን። ከሁሉም የከበደኝን መጨረሻ ተናገርኩ፤ ስጠየቅ ስለ ጓዳ ምን አውቃለሁ ማለቴን።

ጋሽ አንዷለም «ሽሮ ቆለፍክ?» አሉ። አዎ አልኩ። መጀመሪያ የሳቁት ቄስ ሞገስ ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተደበላለቀ። እትዬ ስንዱ ብቻ አልሳቁም። ተነሥተው ሄደው ይታይሽን ጉንጯን ደጋግመው ሳሟትና «በድዬሻለሁ እኅቴ» አሏት። ጋሽ አንዷለም እንደ ሙሴነታቸው ፈረዱ፤ መምህር ለአንድ ዓመት ጓዳ እንዳይገባ፣ በማኅበር ላይም ንግግር እንዳያደርግ። ሁለተኛው ፍርድ ጠነከረብኝ፣ ግን ይግባኝ አልጠየቅኩም።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ከይታይሽ ጋር ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። እኔ ቀሎኛል፤ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። ምስጋና እየጠበቅኩ እንደነበር ልደብቃችሁ አልችልም። ትንሽ እንደሄድን ቆመች።

«ሰዉን ሁሉ ይቅርታ ጠየቅህ» አለችኝ። «ሃያ ስምንቱንም። እኔን ግን አልጠየቅኸኝም።»

መንገዱ መሀል ቆምኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ያን ሁሉ ሰው ፊት ከመናገር ይህች አንዲት ቃል ከበደችኝ፤ ድምፄም እንደ መምህር ድምፅ አልነበረም። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ተቀበለችኝ፤ አልጨረሰችም ግን።

«ሙቀቱንም ቢሆን ስልክህን ጠየቅህ፣ ሞጣ ድረስ ሄደህ ነጋዴ ጠየቅህ። እንዴት ነው የሚያደርግሽ ብለህ እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቆጠርኩ፤ አንድም ቀን አላገኘሁም። ልብን፣ አጥንትን፣ ሆርሞንን ለከተማው ሁሉ አስተምሬ፣ ሚስቴን ግን መስኮት ከመዝጋት በቀር ምንም አላልኳትም።

«እንዴት ነው የሚያደርግሽ?» አልኳት።

እየተራመደች መናገር ጀመረች። ከደረቷ እንደሚነሣ፣ ልቧ እንደሚመታ፣ ቅዳሴ ላይ ሲመጣባት ሰው ያየኛል ብላ እንደምትሸማቀቅ፣ እናቷም በዚህ ዕድሜዋ እንዲሁ ሆና ለማንም ሳትናገር እንዳለፈች፣ አንዳንዴ በቁጣ ሊያስጮኻት እንደሚደርስና እንደምትፈራው ነገረችኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ላቋርጣት አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። የቤታችን በር ደረሰ። እሷ አላየችውም፤ እኔም አላሳየኋትም። አልፈነው ሄድን።